ኩረጃ፦ ከአጤሬራ እስከ ፎርጅድ ዲግሪ

ኩረጃ ባጭሩ የሌላ ሰውን መልስ ወይም ስራ የራስ አስመስሎ ማስገባት ነው። ከጎን ልጅ ወረቀት አይቶ ማጥቆርም ኩረጃ ነው፣ አጤሬራ ይዞ መግባትም፣ ፈተናው ሳይደርስ መልሱን በቴሌግራም ማግኘትም፣ ሪሰርች በብር ማሰራትም ያው ነው፣ ሳይማሩ የዲግሪ ወረቀት ማሳተምም ዞሮ ዞሮ የዚሁ ቤተሰብ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ አገራችን ነው፣ በተለይ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና፣ ምክንያቱም ነገሩ ምን ያህል ስር እንደሰደደ ቁጥር ወጥቶለት ያየነው እዚያ ላይ ነው። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃላቱ ልጀምር። ጎበዙ ተማሪ ሰቃይ ይባላል፣ የሚቀዳው ኮራጅ፣ የሚሰጠው አስኮራጅ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፋ እጅጌ ውስጥ ወይም ካልሲ ውስጥ የምትገባው ብጣሽ ወረቀት ደሞ አጤሬራ። ኮራጅ ስድብ ነው፣ ግን ክፍል ውስጥ ከሱ የባሰ ስድብ አለ፣ ለማያሳይ ልጅ የሚሰጠው። ወረቀቱን በክንዱ የሚሸፍን ልጅ ስስታም ነው፣ ምቀኛ ነው፣ "ብታሳየን ምን ይቀነስብሃል?" ይባላል፣ ከፈተና በኋላ የሚያናግረው ላያገኝ ይችላል። ለኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ሰው ኩረጃን በስንፍና ብቻ ያስረዳል፣ እኛ ጋ ግን ኩረጃ ዕድሜ ያገኘው በደግነት ስም ነው። ከአንድ ትሪ ተካፍሎ ያደገ ልጅ መልስ መንፈግ እንጀራ መንፈግ ሆኖ ይታየዋል፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ልዩነቱን አላስረዳውማ።

እኔ የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ስፈተን (ያኔ ገና አልቀረም ነበር) አቀማመጣችን በስም ፊደል ተራ ነበር፣ ስለዚህ ማን ከማን ጋ እንደሚቀመጥ ከወራት በፊት ይታወቃል፣ ስማቸው ከሰቃዮቹ ስም ጋ የተጠጋጋ ልጆች ዕድለኛ ይባሉ ነበር። ምልክቱም አስቀድሞ ያልቃል፣ ጆሮ ከተነካ ኤ፣ አፍንጫ ቢ፣ አገጭ ሲ፣ ግንባር ዲ። ፈታኙ የመጀመሪያው ቀን ኮስተር ብሎ ነበር የዋለው፣ የሒሳብ ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ ወደ ሜዳው እያየ "ድምፅ ሳታሰሙ ተረዳዱ" አለን። አንዲት ነጭ ላጲስ ነበረች፣ ጎኗ ላይ በእስክሪብቶ ከ1 እስከ 20 ያለው መልስ ተጽፎባት ሶስት ወንበር ዞራ ስትመለስ ጽሑፉ በላብ ተደባልቋል፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ ጀርባዬን በእርሳስ እየነካካ "ሲ ነው ዲ?" ይለኛል፣ እኔ ለሱ መልስ ሳቀብል የራሴን የመጨረሻ ገጽ ሳልነካው ሰዓት አለቀ። ለዓመታት ይህን እንደ መልካም ስራ ነበር የማስበው። ያ ልጅ 11ኛ ክፍል ገብቶ ሒሳቡ ጭራሽ አልገባ ብሎት ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን አቋረጠ። ያሳለፍኩት መስሎኝ የነበረው ለዚያ ነበር።

እዚህ ጋ ሳልናገር የማላልፈው፣ በቤተክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ኩረጃ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ተማሪው ንባብም ይሁን ዜማ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ነው የሚያሰማው፣ ካልሄደለት ይመለሳል፣ እስኪሄድለት ድረስ ቀጣዩን አይጀምርም። ቅኔ ቤት ደሞ ይባስ ይከብዳል፣ የሚቆጠረው አዲስ ቅኔ ነው፣ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ወዲያው ነው የሚታወቅበት። አንድ መምህር አንድ ተማሪን ፊት ለፊት ሲሰማ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ወረቀት ላይ ጠቁሮ በማሽን የሚታረም ፈተና፣ 70 እና 80 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ሲመጣ ግን ማን ምን እንደሚያውቅ የሚያይ ዓይን ጠፋ።

እና ጥፋቱን ልጆቹ ላይ ብቻ መጣል ልክ አይደለም። ፈተናው ተማሪው በተማረበት ትምህርት ቤት፣ በራሱ ወረዳ ሲሰጥ በነበረበት ጊዜ ውጤቱ የርዕሰ መምህሩም ውጤት ነበር፣ የወረዳውም፣ የክልሉም። ብዙ ያሳለፈ ይመሰገናል፣ ያላሳለፈ ይገመገማል። ፈታኙ ደሞ ደሞዙ የማይበቃው መምህር ነው፣ ማታ የሚገባው እነዚያው ልጆች ወዳሉበት ሰፈር ነው፣ ጠበቅ ካለ "ስንወጣ እናገኝሃለን" የሚሉት አሉ። ወላጅም አለበት፣ ልጁ ምን እንዳወቀ ሳይሆን ምን እንዳመጣ ብቻ የሚጠይቅ ወላጅ። እንደዚህ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲያዋጣ ነው ነገሩ ሥርዓት የሆነው።

ወደ አደባባይ የወጣው በ2008 ነው። ግንቦት 22 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ወረቀት ፌስቡክ ላይ ተለቀቀ፣ መንግስትም ፈተናውን በሙሉ ሰረዘው፣ 250 ሺህ ገደማ ተማሪ ተዘጋጅቶ ሳይፈተን ቀረ። ያኛው መውጣት ከተለመደው ኩረጃ ይለያል፣ የለቀቁት አክቲቪስቶች በኦሮሚያ ተቃውሞ ምክንያት ወራት ሙሉ ክፍል ያልገቡ ተማሪዎች ስላሉ ፈተናው ይራዘም ብለው ጠይቀው ሰሚ አጥተው ነበር። ፈተናው ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተሰጠ፣ በዚያው ሰሞን ሶሻል ሚዲያ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ፣ በ2009ም በ2011ም የፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጧል። ወረቀት እንዳይሰረቅ ተብሎ ባንኩም ነጋዴውም ሆስፒታሉም ከኔትወርክ ውጪ ይሆናል ማለት ነው፣ ይህን ያህል ዋጋ እየተከፈለም ክፍል ውስጥ ያለው ላጲስ መዞሩን አላቆመም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የ2014 ተፈታኞች ላይ ነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ። በመስከረም 2015 መጨረሻና በጥቅምት፣ መጀመሪያ ሶሻል ከዚያ ናቹራል፣ ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ካምፓስ ገቡ፣ ዶርም አደሩ፣ ካፌ በሉ፣ ስልክ ተከለከለ፣ በር ላይ ተፈተሹ፣ የሚፈትናቸውም የማያውቁት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ቀላል አልነበረም። አማራ ክልል ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተፈታኝ ፈተናውን ጥሎ ወጣ፣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደሞ የእንጨት መሻገሪያ ተደርምሶ ተማሪ ሞቷል፣ ብዙዎችም ተጎድተዋል።

ውጤቱ ጥር 2015 ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ። ከ2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፣ የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ፣ እያደገ ነው ግን አሁንም ከ100 ተማሪ ከ90 በላይ ይወድቃል። ኩረጃ ቀረ ብለው የተደሰቱ ነበሩ፣ እኔ ግን ያን ቁጥር ሳየው ያሰብኩት ላብራቶሪ ሳይኖራቸው ኬሚስትሪ የተማሩትን ልጆች ነው፣ አንድ መጽሐፍ ለአምስት የሚደርሳቸውን፣ የፊዚክስ መምህር ሳይመደብላቸው ሴሚስተር ያለቀባቸውን። ኩረጃው ለዓመታት ይህን ሁሉ ሲሸፍን ነበር። ፈተናው ሲጠብቅ ሽፋኑ ተነሳ፣ የወደቁት ግን ሸፋኞቹ አይደሉም፣ ልጆቹ ናቸው። ሪሚዲያል የሚባለው ፕሮግራም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፣ 50 ያልሞላላቸው ግን የተሻለ ያመጡት ካምፓስ ገብተው ወራት ተምረው እንደገና ተፈትነው ካለፉ ፍሬሽማን ይሆናሉ። ጥሩ ሃሳብ ነው፣ ግን 12 ዓመት ያልተሰራን በወራት መስራት ለመምህሩም ለተማሪውም መከራ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ኩረጃው መልኩን ይቀይራል። ግሩፕ አሳይመንት ላይ ስድስት ስም ይጻፋል፣ አንድ ሰው ይሰራል። አሁን ደሞ ቻትጂፒቲ ስላለ ያ አንዱም አይሰራም። መመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ግን ገበያ አለ፣ አዲስ አበባ ግቢዎቹ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ግድግዳና የመብራት እንጨት ላይ "ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን" የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ ታገኛለህ፣ ታች ያለው እንዲቀደድ ተደርጎ የተቆራረጠ ነው፣ ግማሹም ተቀድዶ ተወስዷል። ማማከር የሚለው ቃል ምን እንደሚሸፍን ሁሉም ያውቃል። ደውለህ ርዕስህን ትነግራለህ፣ ዋጋ ትከራከራለህ፣ ከዚያ ተጠርዞ ይሰጥሃል፣ የቀረህ የመጨረሻ ቀን የምትቀርበውን ስላይድ መሸምደድ ብቻ ነው። የሚሰሩት ደሞ ብዙ ጊዜ ስራ ያጡ ጎበዝ ምሩቃን ናቸው፣ ያው የድሮዎቹ ሰቃዮች፣ ዛሬም እያሳዩ።

በዚህ ላይ የተደረገው ትልቁ ነገር የመውጫ ፈተና ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግስትም ይሁን የግል፣ በተማረበት ዘርፍ ተፈትኖ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 40 በመቶ አካባቢ ነበሩ፣ የግል ኮሌጆች ውጤት ከመንግስቶቹ በጣም ያነሰ ነበር። አራት ዓመት ከፍሎ የተማረ ልጅ እዚያ ጋ ሲወድቅ ኮሌጁን ማንም ብሩን መልስ አይለውም፣ ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

ፎርጅድ የሚባለው ደሞ መኮረጁን ራሱ የዘለለ ነው፣ ማህተሙም ፊርማውም ትራንስክሪፕቱም ተሰርቶ ይሸጣል። መስሪያ ቤቶች የሰራተኞቻቸውን ማስረጃ ማጣራት ከጀመሩ ወዲህ፣ በየክልሉ የሀሰት ወረቀት የያዙ ሰራተኞች ተገኙ የሚል ዜና እንግዳ አይደለም፣ ዕድገት ያገኙና ወንበር የያዙም አሉበት። ከነዚህ መሃል መምህር የሆነ ካለ፣ እሱ የሚያስተምረው ልጅ ነው ነገ 12ኛ ክፍል የሚቀመጠው።

ከ2016 ጀምሮ ደሞ ከፊሎቹ ተማሪዎች በኦንላይን፣ ኮምፒውተር ላይ መፈተን ጀምረዋል። ወረቀት ማተም፣ ማጓጓዝ፣ መጠበቅ ስለሚቀር ስርቆቱን ይቀንሳል፣ ይህን እደግፋለሁ። ግን ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ልምምዱ ላይ ቀስቷ ስትሸሸው፣ መልሱን እያወቀው ክሊክ ማድረግ ሲያቅተው፣ በሁለት እጁ ማውዙን ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርጎ ሲይዘው አስቡት። የዚያ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መብራት የለም።