ግራፊክ መጽሐፍ ምንድን ነው? ሥዕሉ ጌጥ ያልሆነበት መጽሐፍ

ሐሳባቸውን በተከታታይ ሥዕልና በቃል አንድ ላይ ስለሚናገሩ የሳይንስና የሥነ ልቦና ግራፊክ መጻሕፍት በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት አይጠፋም። በቅርቡም አንድ ጸሐፊ እነዚህን መጻሕፍት «በሥዕል ለሚገባቸው ሰዎች ሲባል ከባዱን ጽሑፍ አቅልለው በሥዕል ያጀቡ» ሲሉ ገልጸዋቸዋል። የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይህ አገላለጽ ሳይታረም በታለፈ ቁጥር አሳታሚው ሥዕሉን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ነገር አድርጎ ያዝዛል፣ ለአንባቢውም የሚደርሰው በእርግጥ የተለጠፈ ሥዕል ይሆናል።

በሥዕል በታጀበ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ የነጠላ ጥለት ነው፤ ጥለቱ ቢቀር ነጠላው ይለበሳል። በግራፊክ መጽሐፍ ግን ቃሉ ድር፣ ሥዕሉ ማግ ነው፤ ማጉን የመዘዘ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ጨርቅ ሳይሆን ክር ነው። ስለዚህ አንድን መጽሐፍ ለመለየት ቃሉን ብቻ ነጥሎ ማንበብ ይበቃል፤ ሐሳቡ ሳይጎድል ከተነበበ መጽሐፉ መልካም ሊሆን ይችላል እንጂ ግራፊክ መጽሐፍ አይደለም።

ሥዕል ሳይንሳዊ ክርክር ሊሸከም እንደሚችል የሚጠራጠር ሰው የነርቭ ሳይንስን አጀማመር ይመልከት። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የአንጎል ነርቮች ተያይዘው አንድ መረብ እንደሚሠሩ ያምን ነበር፤ ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ደግሞ ጎልጂ ራሱ ባገኘው የማቅለሚያ ዘዴ ተጠቅሞ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ለብቻው የቆመ መሆኑን በእጁ እየሣለ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማትን ሲካፈሉም አልተስማሙም ነበር። የካሃል ሥዕሎች ለጽሑፉ ማድመቂያ አልነበሩም፤ የእያንዳንዱ ሕዋስ መስመር የት እንደሚያበቃ ማሳየት የክርክሩ ዋና ነጥብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደኑ አሳታሚ ኖብራው ያሳተመው የማቴዮ ፋሪኔላና የሃና ሮሽ «ኒውሮኮሚክ» የተሰኘ ግራፊክ መጽሐፍ ባለታሪኩን በነርቭ ሕዋሳት ጫካ ውስጥ ሲያስኬደውና ከካሃል ጋር ሲያገናኘው ይህንኑ ውርስ መቀጠሉ ነው።

«በሥዕል ለሚገባቸው ሰዎች» የሚለው ሐረግ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሳይንስ መስሎ ስለሚቀርብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ፓይቪዮ እ.ኤ.አ. በ1971 በስፋት ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ የሰው አእምሮ ቃልንና ምስልን በሁለት ተያያዥ መንገዶች እንደሚይዝ፣ በሁለቱም የተያዘ ነገርም በተሻለ እንደሚታወስ ይናገራል። ይህ ስለ ሰው ሁሉ የተነገረ እንጂ ሰዎችን የሥዕልና የቃል ተማሪ ብሎ የሚከፍል አይደለም። ትምህርትን ከእንዲህ ዓይነት ክፍፍል ጋር ማስማማት ውጤት ያመጣል የሚለውን እምነት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 መርምረው በቂ ማስረጃ እንደሌለው አሳይተዋል። ሥዕል ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለትም አይደለም፤ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ባደረጋቸው ሙከራዎች ማራኪ ሆኖ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ምስል መማርን ሲያደናቅፍ ታይቷል።

ሥዕል ማንም ያለ ልምድ የሚያነበው ነገር ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። የሥዕል ታሪክ አነባበብን የሚያጠናው ተመራማሪ የኒል ኮን ጥናቶች እንደሚያስረዱት በተከታታይ ሣጥኖች የተሣለን ታሪክ ማንበብ በልምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በሣጥን በሣጥን ሥለው ከሥሩ በአማርኛ የሚጽፉ ሠዓልያን ያሉበት አገር አንባቢ ለዚህ ንባብ እንግዳ አይሆንም፤ ያ ግን የአንጎልን አሠራር የሚያስረዳ ገጽ ያለ ትጋት ይነበባል ማለት አይደለም።

በኅትመቱ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ሸማኔ ድሩን ሲዘረጋ ያልወሰነውን ስፋት ከሸመነ በኋላ ሊያስተካክለው አይችልም፤ በቀለም ያለቀ ገጽም እንዲሁ ነው። የፊደላችን ልዩነት በትንንሽ ቅጥያዎች ስለሚታወቅ የፊደሉ መጠን መወሰን ያለበት የገጸ ባሕርያቱ ንግግር የሚሰፍርበት ቦታ ከመሣሉ በፊት ነው። የባለሙያ ግምገማም በእርሳስ ንድፉ ላይ መደረግ አለበት። ብዙ ጊዜ ለሥነ ልቦና ባለሙያው የሚላክለት ቃሉ ብቻ ነው፤ እርሱም አንብቦ ያጸድቃል፤ ከዚያ ሠዓሊው «ሲፈራ አንጎሉ ሠራ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቦታ ላይ እንደ አምፖል የበራ አንጎል አድርጎ ይሥለዋል። የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚለካው በኤፍኤምአርአይ መሣሪያ ምስል ላይ የሚታየው ቀለም ግን ብርሃን አይደለም፤ ከደም የኦክስጅን መጠን ለውጥ በስታቲስቲክስ ተሰልቶ ተመራማሪዎች የሚቀቡት ምልክት ነው፤ ያልተቀባው የአንጎል ክፍልም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ይህን ስሕተት ቃሉን ብቻ ያነበበ ገምጋሚ ሊያገኘው አይችልም፤ ስለዚህ ገምጋሚው ሥዕሉንም እንዲመለከት፣ ለሥዕሉም በስሙ ኃላፊነት እንዲወስድ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።