የዲኤንኤ ጉዳትና ጥገና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሆስፒታሎች የሚካሄደው የዲኤንኤ (በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ንጥረ ነገር) ጉዳትና ጥገና ምርምር ለብዙ ሰው እንግዳ በመሆኑ፣ በሕሙማንና በቤተሰቦቻቸው ዘንድ የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች ሳይጣሩ እንደ እውነት ይያዛሉ። ከእነዚህ ውስጥ አስፈላጊ ምርመራን እስከማስቀረት የሚደርሱ አሉ።

«ዲኤንኤን የሚጎዳው ጨረርና ኬሚካል ብቻ ነው።» ጨረር፣ የትምባሆ ጭስና የፀሐይ ብርሃን ዲኤንኤን እንደሚጎዱ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየው፣ ዲኤንኤ በሕዋስ ውስጥ ባለው ውሃ ምክንያት ብቻ እንኳ ቀስ በቀስ ይፈራርሳል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉዳቶች ይደርሳሉ፤ በሕይወት የምንኖረውም ጠጋኝ ኢንዛይሞች (ጥገናውን የሚያከናውኑ ፕሮቲኖች) ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ ነው። ሊንዳል ከፖል ሞድሪችና ከአዚዝ ሳንጃር ጋር የ2015ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተጋራው ለዚህ የጥገና ሥራ ማብራሪያ ነበር።

«ዲኤንኤ ከተጎዳ ካንሰር መምጣቱ አይቀርም።» ጉዳትና ሚውቴሽን አንድ አይደሉም። አብዛኛው ጉዳት ተጠግኖ ይጠፋል፤ ሚውቴሽን የሚባለው ሳይጠገን ወይም በስህተት ተጠግኖ በቋሚነት የቀረው ለውጥ ሲሆን፣ ካንሰርም በአብዛኛው የሚነሳው እንዲህ ያሉ ለውጦች በዓመታት ውስጥ ሲደራረቡ ነው።

«ይህ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው፤ ሕመምተኛን አይመለከትም።» ከሁሉም ይበልጥ ሊታረም የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሰው በሽታ ከዲኤንኤ ጥገና ጉድለት ጋር መያያዙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው ከሕሙማን ቆዳ በተወሰደ ናሙና ነውና። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የተባለው በዘር የሚወረስ ሕመም ያለባቸው ልጆች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳቸው ይጎዳል፣ በለጋ ዕድሜያቸውም በቆዳ ካንሰር ይያዛሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ጄምስ ክሊቨር በ1968 የእነዚህ ሕሙማን ሕዋሳት የፀሐይ ጨረር ያደረሰውን ጉዳት መጠገን እንደሚሳናቸው አሳየ። ይህ ሕመም ከአልቢኒዝም ጋር መምታታት የለበትም፤ በአልቢኒዝም የሚጎድለው ቆዳን የሚጋርደው ቀለም ሲሆን፣ በዚህኛው ግን የሚጎድለው ጥገናው ነው። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ልጆችም ይታመማሉ፤ ወላጆችም ምልክቱን ቶሎ ካወቁ ልጁን ከፀሐይ በመከለል ብዙ ጉዳት ማስቀረት ይችላሉ።

«ብራካ የካንሰር ዘረመል ነው፤ የሚመለከተውም ሴቶችን ብቻ ነው።» ብራካ 1 እና ብራካ 2 ሁላችንም ያሉን ዘረመሎች ሲሆኑ፣ ሥራቸው የተቆረጠ የዲኤንኤ ድርብ ክር በትክክል እንዲጠገን መርዳት ነው። አደጋው የሚመጣው ሥራቸውን የሚያሰናክል ለውጥ ሲወረስ ነው፤ እንዲህ ያለ ለውጥ ያላቸው ሴቶች እስከ 80 ዓመታቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለውጡ ከአባትም ከእናትም እኩል ይወረሳል፤ በወንዶችም ላይ በተለይ ብራካ 2 የፕሮስቴትና የጡት ካንሰር ዕድልን ይጨምራል። በመሆኑም የቤተሰብ የሕመም ታሪክ ሲጠየቅ የአባት ወገን አክስቶችና አያት መዘለል የለባቸውም።

«ጥሩ መድኃኒት ዲኤንኤን የሚጠግን ነው።» በካንሰር ሕክምና ግን ተቃራኒውም ይሠራል። የጨረር ሕክምና ራሱ የዕጢውን ዲኤንኤ ሆን ብሎ ይቆራርጣል። ፓርፕ የተባለውን ጠጋኝ ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶችም ጥገናን ይከለክላሉ፤ ብራካው የማይሠራ የካንሰር ሕዋስ ሌላኛውንም መንገድ ሲያጣ ይሞታል፣ የዚያው ሰው ጤነኛ ሕዋሳት ግን ደህና የብራካ ቅጂ ስላላቸው በተሻለ ሁኔታ ይቋቋሙታል። ሐሳቡ በ2005 በሁለት የምርምር ቡድኖች ቀርቦ፣ ከሕሙማን ጋር በሆስፒታሎች ከተሞከረ በኋላ፣ ኦላፓሪብ የተባለው ፓርፕን የሚያግድ መድኃኒት በ2014 ለኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ተፈቀደ።

«ለምርምር ደም ከሰጠሁ ውጤቴ ይነገረኛል።» ሁልጊዜ አይደለም። የምርምር ናሙና ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ከሌሎች ጋር ተደምሮ እንጂ ለአንድ ሰው የሕመም መለያ ተብሎ አይደለም። ስለዚህ የፈቃድ ቅጹን ከመፈረም በፊት ውጤቱ ይነገር እንደሆነ፣ ናሙናው የት እንደሚቀመጥና ሐሳብን ቀይሮ መውጣት እንደሚቻል መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው፤ አለመፈረምም መደበኛ ሕክምናውን ሊያስቀርበት አይገባም።