ታላቅ ትርክት በርዝመቱ አይለካም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በፈተና ወረቀቶች ላይ ደጋግሜ የማርመው ስሕተት «ታላቅ ትርክት ማለት ስለ ታላላቅ ሰዎች የተጻፈ ረጅም ታሪክ ነው» የሚል ነው። አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፍራንሷ ሊዮታር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ድኅረ ዘመናዊነት፣ ማለትም ከዘመናዊነት በኋላ ስለመጣው የዕውቀትና የባህል ሁኔታ፣ ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን የተጠቀመበት ለሌሎች ታሪኮች፣ ለዕውቀትና ለተቋማት ትርጉምና ቅቡልነት የሚሰጥ ትርክትን ለመሰየም ነው። ስምንት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድ ታላቅ ትርክት ላይሆን ይችላል፤ «የሰው ልጅ በዕውቀት ወደ ነጻነት እየተጓዘ ነው» የሚል አንድ መስመር ግን ይሆናል።

ሁለተኛው ስሕተት የጥንት የመነሻ ታሪክን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ነው። የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ታሪክ እስከ 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ድረስ ዘልቆ የዙፋኑን ቅቡልነት አስረድቷል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ታሪክ ሥልጣኑን የሚያገኘው ካለፈ መነሻ ሲሆን፣ ሊዮታር የሚለው ዘመናዊ ትርክት ግን ገና ሊደረስበት ካለ ግብ ያገኛል። ልዩነቱ ስውር በመሆኑ፣ እዚህ ላይ ለተሳሳተ ተማሪ ነጥብ ለመቀነስ እጄ አይፈጥንም።

«ታላቅ ትርክት ውሸት ነው» የሚለው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ለወሎ ሰው ደግሞ ማስረጃው ቅርብ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን አጎራብቶ «የተጨቆነ ሕዝብ ነጻ ሊወጣ ነው» በሚል ጉዞ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ያደረጋቸው ግን ትርክቱ ነው። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ልጆቿን ይዛ አስፋልት ዳር የተቀመጠች እናት የአብዮቱ ምክንያት ሆና ትታያለች፤ የመጨረሻውን እፍኝ ማሽላ ከየትኛዋ ጎረቤቷ ጋር እንደተካፈለች የምትናገርበት ቦታ ግን የላትም። ሊዮታር ትንሽ ትርክት የሚለው ይህን ቦታ ያጣውን የእናቲቱን ታሪክ መሰሉን ነው።

ሊዮታር ታላላቅ ትርክቶችን «ገደላቸው» ማለትም ማጋነን ነው። መጽሐፉ ለካናዳዋ የኬቤክ ግዛት የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት የቀረበ፣ በኮምፒውተር ዘመን ስላለው የዕውቀት ይዞታ የሚያትት ዘገባ ነበር፤ ሊዮታር የተናገረውም በታላላቅ ትርክቶች ላይ የነበረው እምነት ተሸርሽሯል ብሎ ነው።

በመጨረሻም፣ የአካባቢ ትርክት ምንጊዜም ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ አለ። «ወሎ የፍቅር ሀገር ነው» የሚለውን እኔም እወደዋለሁ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት የሚኖሩበትን ሀገር ማን ይጠላል? ይሁንና አንድ ተማሪዬ ባቀረበልኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ መንዙማውም፣ በአምባሰል ቅኝት የተዜመው እንጉርጉሮም፣ የሰርግ ዘፈኑም የተተነተኑት በዚሁ ሐረግ ነበር። ግጥሞቹን ቦታ ባለዋውጣቸው ከትንታኔው አንድ ቃል እንኳ መቀየር አያስፈልገኝም ነበር።