መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች፦ ከፔኒሲሊን እስከ ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ። ጉሮሮዋን የሚያማት እናት «ወንድሜ፣ አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ ስጠኝ» ትላለች። ሻጩ መቀስ ያነሳል። ከአሥሩ ፍሬ አራቱን ቆርጦ ይሰጣታል። የመድኃኒቱ ስምና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ብዙ ጊዜ በቀረው ቁራጭ ላይ ነው የሚገኘው። ሁለቱን ውጣ ሲሻላት ሁለቱን ለልጇ ታስቀምጣለች። ሕጉ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት) ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። መቀሱ ግን ሥራ አልፈታም።

በእንዲህ ያለ አወሳሰድ ጀርም መድኃኒትን እንዳይላመድ ቀድመው ከፈሩት አንዱ የአሞክሳሲሊን ዘመድ የሆነውን ፔኒሲሊን ያገኘው ሰው ራሱ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ለንደን ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። በ1945 ኖቤል ሲሸለም ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ አነሳ። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ የማይበቃ መጠን ይወስዳል። ጀርሙ አይሞትም፣ መቋቋምን ይማራል። ከዚያ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እሷን መድኃኒቱ ሳያድናት ይቀራል። የፒያሳዋን እናት ባየሁ ቁጥር ይህ ምሳሌ ትዝ ይለኛል።

እንዲያውም ፔኒሲሊን በብዛት ሳይመረት በፊት፣ በ1940፣ መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ለዚህ መልስ የሆነው ሜቲሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በ1959 ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው እሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ እንግሊዝ ውስጥ ታየ። ለከባድ ሕመም ተቆጥቦ የቆየው ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክም አልተረፈም። እሱን የሚያከሽፍና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል በ2015 ከቻይና ተዘገበ። በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ አነጋገራችን ያሳስተናል። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» እንላለን። የተለወጠው ሰውነታችን አይደለም፣ ጀርሙ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ይሆናል። ከሚሊዮኖቹ መሃል ጥቂቶች በአጋጣሚ ጠንካራ ሆነው ይገኛሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ይጠርግና ሜዳውን ለጠንካሮቹ ይለቅላቸዋል። ጉንፋንን የሚያመጣው ደግሞ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ለጉንፋን የዋጥነው ሁሉ በሆዳችን ያሉትን ባክቴሪያዎች ማሰልጠኛ ነው የሚሆነው።

ለወሎ ሰው የዚህ ጣጣ ጎልቶ የሚታየው በቲቢ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ተራው ቲቢ በስድስት ወር ይድናል። የተላመደው ግን ለዓመታት በነበረው አሠራር እስከ 20 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ ለወራት በየቀኑ መርፌ፣ አንዳንዱንም ጆሮውን የሚያደነቁር። አሁን አጠር ያለና ያለ መርፌ የሚሰጥ ሕክምና መጥቷል።

ሐረጎ የተባለውን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነገሩ ከብቶችንም ይጨምራል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ለላምም ለበሬም ይወጋል። መርፌ የተወጋች ላም መድኃኒቱ ወተቷ ውስጥ ስለሚቀር ወተቷ ለቀናት መሸጥ የለበትም፣ ግን የዕለት ገቢው እሷ የሆነች ቤተሰብ እንዴት ብላ ትደፋዋለች? ከተማዋ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያላት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪም በግምት ከማዘዝ የሚድነው በካልቸር ምርመራ ነው። ከቁስል ወይም ከሽንት የተወሰደው ናሙና በትንሽ ክብ ሳህን ላይ ይበቅላል። በላዩ መድኃኒት የተነከሩ የወረቀት ክቦች ይቀመጣሉ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ካልሠራ ጀርሙ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ችግሩ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን መፈለጉ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ የሁለቱ ከተሞች ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የላቦራቶሪ ዕቃም አብሮ ሄዷል። ከሩቅ ወረዳ ለመጣ በሽተኛ ደግሞ ሦስት ቀን ደሴ መቆየት ማለት የአልጋና የምግብ ወጪ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ሳይጠብቅ፣ በግምት የታዘዘለትን ይዞ መናኸሪያ ይወርዳል።