«ፕሮላክቲንሽ ከፍ ብሏል፤ በቃ ዕጢ ነው»፦ በፒቱታሪ አካባቢ ስለሚወጡ እባጮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ትገባለች። ወረቀቱ ላይ ፕሮላክቲን የተባለው፣ የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን ከመደበኛው በላይ መሆኑ ተጽፏል፤ ከጎኑ «ፕሮላክቲኖማ» (ፕሮላክቲን የሚያመነጭ እባጭ) የሚል ቃል በእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ምርመራው እዚያች ቃል ላይ አብቅቷል። በሆርሞን ሕክምና በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ዓይነት ወረቀት እጅግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጽሑፉ ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ቢሆንም የሙያ ባልደረቦቼም እንዲያነቡት አጥብቄ እፈልጋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ ሆርሞን የሚያመነጨውን የተፈጥሮ አካልም፣ ያለ ቦታው የበቀለውን በሽታም «ዕጢ» እንላለን። በዚህ የተነሣ «ፒቱታሪ ዕጢ አለብህ ተባልሁ» ብለው እያለቀሱ የሚመጡ አሉ። ፒቱታሪ ዕጢ የሌለው ሰው የለም፤ ሽምብራ የምታህል፣ ግማሽ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ከአፍንጫ ጀርባ በራስ ቅል ወለል ላይ በምትገኝ ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ የተቀመጠች አካል ናት። እዚህ ላይ ዕጢ ስል እርሷን ማለቴ ነው፤ በሽታውን እባጭ እለዋለሁ።

«ራስ ውስጥ የወጣ እባጭ ሁሉ ካንሰር ነው» የሚለው ስሕተት ነው፤ በዚህ ቦታ የሚወጡት አብዛኞቹ ወደ ሌላ አካል አይሠራጩም። «ቀዶ ሕክምናው ራስ ቅል ተከፍቶ ነው» የሚለውም ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ አብዛኛው በአፍንጫ በኩል ይሠራል። በኤም አር አይ ትንሽ ነጥብ ስለታየም ሰው ታሟል አይባልም፤ ምንም ሕመም ከማይሰማቸው አዋቂዎች ከ10 አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ይገኝባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይኸውም ፕሮላክቲን ከፍ ካለ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ እባጭ አለ የሚለው እምነት ነው።

አንጎል ሌሎቹን የፒቱታሪ ሆርሞኖች በዋናነት እንዲመረቱ እየቀሰቀሰ ሲያስተዳድር፣ ፕሮላክቲንን ግን የሚያስተዳድረው እየከለከለ ነው። ከልካዩ ዶፓሚን ይባላል፤ ዕጢዋ በተንጠለጠለችበት ቀጭን ግንድ በኩል ይወርዳል። ግንዱን ማንኛውም ነገር ሲጫነው ዶፓሚን በበቂ አይደርስም፣ ፕሮላክቲንም ይጨምራል። ይህ እንዲሆን የተጫነው ነገር ራሱ ፕሮላክቲን ማመንጨት አያስፈልገውም። ክራኒዮፋሪንጂዮማ (በግንዱ አካባቢ የሚወጣ እባጭ)፣ ሜኒንጂዮማ (ከአንጎል ሽፋን የሚወጣ እባጭ)፣ ከጡት ወይም ከሳንባ የተሠራጨ ካንሰር፣ የዕጢዋ ብግነት፣ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋሲ እዚያ ድረስ ደርሶ የፈጠረው እብጠት፣ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። እርግዝና፣ ማጥባት፣ ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶንም ያለ አንዳች እባጭ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል።

መለያው ምንድን ነው? የእባጩ መጠንና ቁጥሩ ይመጣጠኑ እንደሆነ ማየት ነው። ግንዱ በመጫኑ ብቻ የሚጨምር ፕሮላክቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አያልፍም፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ እውነተኛ ፕሮላክቲኖማ ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 በላይ፣ በጣም ሲገዝፍ ደግሞ በሺዎች ያሳያል።

አንዷን ታካሚ አልረሳትም። 31 ዓመቷ ነበር፤ የወር አበባዋ ቆሟል፣ ሳትወልድም ከጡቷ ወተት ይወጣል። ፕሮላክቲኗ 74፣ እባጩ 2.7 ሴንቲ ሜትር። ይህ አለመመጣጠን ብቻውን ማንንም ሊያስቆም ይገባ ነበር። ካበርጎሊን የተባለው፣ ፕሮላክቲንን የሚቀንሰው ክኒን ተጀመረላት፤ በሁለት ወር ቁጥሩ ወረደ፣ ወተቱም ደረቀ፤ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ተብላ ሌላ ኤም አር አይ ሳትነሣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀጠለች። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ ካበርጎሊን የጎደለውን ዶፓሚን ተክቶ ስለሚሠራ፣ እባጩ የፈለገውን ዓይነት ቢሆን ቁጥሩን ያወርደዋል። ቁጥሩ በመውረዱ የበሽታው ዓይነት አይረጋገጥም፤ መታየት ያለበት እባጩ ራሱ መቀነሱ ነው።

ወደ እኔ ስትገባ የበሩን መቃን በትከሻዋ ገጭታ ነው የገባችው። ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና አፍንጫዬን እንድታይ ነገርኋትና ጣቴን ከጆሮዋ በኩል ቀስ እያልሁ ወደ መሐል አመጣሁ፤ ጣቴ አፍንጫዬ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ አላየችውም፤ በሌላውም ዓይኗ እንዲሁ። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከዕጢዋ በላይ ስለሚሻገሩ፣ እባጭ ከታች ሲገፋቸው በመጀመሪያ የሚጠፋው የግራና የቀኝ ዳር ነው። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ መሣሪያም አልጠየቀም። መነጽሯ ግን በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቀይሮላት ነበር።

ሲቲ ስካን ስትነሣ በእባጩ ውስጥ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ የካልሲየም ቅንጣት ታየ፤ በቀዶ ሕክምናውም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ፤ ናሙናው ክራኒዮፋሪንጂዮማ መሆኑን አረጋገጠ። የቀኝ ዓይኗ እይታ በከፊል ተመለሰላት፤ የግራው አልተመለሰም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። እባጩ 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁጥሩ 60 ሲሆን «ፕሮላክቲኖማ አይደለም፣ ወደ ቀዶ ሕክምና» ለማለት መቸኮል አያስፈልግም፤ ሆርሞኑ ከልክ በላይ ሲበዛ አንዳንድ የላቦራቶሪ መመርመሪያዎች ይጠግቡና በሐሰት ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣሉ። ላቦራቶሪው ናሙናውን 100 ጊዜ አቅጥኖ እንዲደግመው መጠየቅ ነው፤ እውነተኛ ፕሮላክቲኖማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በክኒን ይሟሽሻል።

«ውኃ ጥምና ሽንት መብዛት የስኳር ነው፤ ስኳሬ ደግሞ ደኅና ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ያች ታካሚዬ የሁለት ሊትር ውኃ ከቦርሳዋ አትለይም ነበር፤ ስኳሯ ደኅና በመሆኑ ግን ማንም አልተከታተለውም። ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞን ሲጎድል ሰው በቀን ከ3 ሊትር በላይ ይሸናል፤ አዴኖማ የተባለው የተለመደው የፒቱታሪ እባጭ ይህን ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ እባጭና ይህ ምልክት አብረው ሲገኙ አዴኖማ መሆኑን መጠራጠርና ክራኒዮፋሪንጂዮማን፣ ጀርሚኖማ የተባለውን እባጭ፣ ብግነትን ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰርን መፈለግ ይገባል። ጀርሚኖማ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታይ ነውና ከቀዶ ሕክምና በፊት አልፋ ፌቶፕሮቲንና ኤችሲጂ የተባሉት የደም ምርመራዎች ይሠሩ፤ ጀርሚኖማ በጨረር በደንብ የሚድን ስለሆነ እባጩን በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

«ናሙና ይወሰድና ይለይ» የሚለው ጥድፊያም አደገኛ ነው፤ በዚያ ቦታ ያበጠ የደም ሥር እባጭ መስሎ ሊታይ ይችላል፣ መርፌ ከነካውም ሰው ሊሞት ይችላል።

በመጨረሻም፣ ያበጠ ፒቱታሪ ሁሉ እባጭ የወጣበት አይደለም። አንገት ላይ ያለው፣ ሆርሞን የሚያመነጨው ታይሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲደክም ፒቱታሪ እርሱን ለማነቃቃት ስትጣጣር ራሷ ትገዝፋለች፣ ፕሮላክቲንም ይጨምራል። የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላት የመጣች የ24 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ቆዳዋ ደርቋል፣ ድምፅዋ ጎርንኗል፣ በሰኔ ብርድ ሳይሆን በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ደርባ ነበር የመጣችው። ቲኤስኤች የተባለው የታይሮይድ ምርመራ አልተሠራላትም ነበር፤ ሲሠራ ከ100 በላይ ሆነ። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ጎድሎ ታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን) ብቻውን ቢሰጥ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል መጀመሪያ ኮርቲሶሏን አረጋገጥንና ክኒኑን ጀመርንላት። በአምስተኛው ወር የተነሣው ኤም አር አይ ላይ ዕጢዋ ወደ ተፈጥሮ መጠኗ ተመልሳለች፤ የቀዶ ሕክምናው የቀጠሮ ወረቀት እስከ ዛሬ በካርዷ ውስጥ ተያይዞ ይገኛል።