«ወሬ ነው» ተብሎ የታለፈ ተቅማጥ

በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች አዳማና ዙሪያዋ ሰፍረዋል። እኛ የአዳማ ሰዎች ስለ መጠለያና ስለ ወረርሽኝ የምናወራው ታዲያ ብዙው ስህተት ነው።

«ሪፖርት ካልመጣ በሽታ የለም።» ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። ጤና ጣቢያዎች ከሰኞ እስከ እሁድ ያዩትን በየሳምንቱ ይልካሉ። ታማሚ ከሌለም «ዜሮ» ብለው መላክ አለባቸው። ዜሮ ማለት ፈልገን አጣን ነው። ሪፖርቱ ጭራሽ ካልመጣ ግን ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል፣ ባለሙያዋ ራሷ ተፈናቅላ ይሆናል፣ ጤና ኬላው ተዘግቶ ይሆናል። በቀውጢ ጊዜ ቀድሞ ድምፁ የሚጠፋው ደግሞ የባሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ የቅኝት (የበሽታ ክትትል) ባለሙያ ዝም ላለው ቀበሌ ቀድሞ ይደውላል። ቢያንስ መደወል አለበት!

«ላብራቶሪ ሳያረጋግጥ ምን ያስጮሃል?» ኮሌራ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። መጠለያ ውስጥ አንድ አዋቂ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ከያዘው፣ ወይም አንድ ልጅ ላይ ትኩሳትና ሽፍታ (የኩፍኝ ምልክት) ከታየ፣ ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል። የሳምንቱ ሪፖርት አይጠበቅም፤ ወዲያው ይነገራል። ለተቅማጡ ናሙናው እስኪመረመር በውሃ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ ይሰጣል፣ ውሃውም በክሎሪን ይታከማል።

«የሰፈር ወሬ ማን ይሰማል?» የሚሰሙ አሉ፣ የቅኝት ባለሙያዎች ሥራቸው ነው። ለጭምጭምታ መዝገብ አላቸው፦ ምን ተባለ፣ የት፣ መቼ፣ ማን ነገረን። ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት «ከአንድ ድንኳን በሁለት ቀን ሁለት ሰው ተቀበረ» ካለች ይጻፋል፤ ሰው ሄዶ ያጣራል። ውሸት ሆኖ ቢገኝ የባከነው የአንድ ቀን መንገድ ነው።

«ሬሳ ቶሎ ካልተነሳ ወረርሽኝ ይነሳል።» በጎርፍ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያስነሳም። በኮሌራ ወይም በኢቦላ የሞተ ሲሆን ነው ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው። መጠለያ ውስጥ የሚፈራው የውሃና የሽንት ቤት ጉዳይ ነው። በ1986 ዓ.ም. ክረምት ከሩዋንዳ ሸሽተው ኮንጎ (ያኔ ዛየር) ውስጥ ወዳለችው ጎማ ከተማ ከገቡት ስደተኞች በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሞተዋል። አብዛኞቹን የጨረሳቸው ኮሌራና የደም ተቅማጥ ነው።

«የተፈናቃዮች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም።» በአዳማ መናኸሪያ በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ እያየን? የሰማችሁትን ለሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሯት። ካላገኛችኋት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 የሚባል ነፃ መስመር አለው።