«ቀጣዩ ሲዝን ላይ ምን ይሆናል?»፦ የጌም ኦፍ ትሮንስ ግምቶች፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጁን 2015 ላይ፣ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ድራማ በጌም ኦፍ ትሮንስ፣ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነውን ጆን ስኖውን የገዛ ጓዶቹ በጩቤ ወጋግተው በረዶ ላይ ጣሉት። አምስተኛው ሲዝን እዚያው ላይ አለቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አሥር ወር መጠበቅ ነው። እኔ ያኔ ከሰፈር ፊልም ቤት በፍላሽ እያስገለበጥኩ ነበር የማየው። የሚገለብጥልኝ ልጅ ለሌላ ፊልም ስሄድ እንኳ ፍላሹን ሳያቀብለኝ በፊት «የምር ሞቷል ትላለህ?» እያለ ያፋጥጠኝ ነበር። በእነዚያ አሥር ወራት ያልተባለ ነገር የለም።

ድራማው በ2019 አለቀ። ግምቱ ግን አላለቀም፤ አሁን ደግሞ ከዚያው ታሪክ በወጣው ሌላ ድራማ፣ በሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን ቀጥሏል። ሰው ስለሚቀጥለው ሲዝን ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር እነዚያው የድሮ ስህተቶች ይመለሳሉ። ያላያችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ፤ ከዚህ በታች ያለው ታሪኩን አስቀድሞ የሚነግር ስፖይል በስፖይል ነው።

«ተዋናዩ ራሱ አልመለስም ካለ፣ አለቀ»

አላለቀም። ጆን ስኖውን የሚጫወተው ኪት ሃሪንግተን ጆን መሞቱን፣ እሱም እንደማይመለስ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ፀጉሩን ግን አልቆረጠም። በዚያው ክረምት ድራማው በሚቀረፅባት በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ታየ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ድራማውን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ኤችቢኦ ራሱ የስድስተኛውን ሲዝን ፖስተር ለቀቀ። ፖስተሩ ላይ ማን አለ? ፊቱ በደም የተነካካ ጆን ስኖው።

ሜይ 1 ቀን 2016 በሲዝኑ ሁለተኛ ክፍል ዓይኑን ገለጠ። ሃሪንግተንም ለዋሸው ሁሉ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ ያወራት ነገር አለች፤ በፍጥነት ሲያሽከረክር ፖሊስ ይዞት «ወይ ጣቢያ እንሂድ፣ ወይ ቀጣዩ ሲዝን ላይ በሕይወት መኖርህን ንገረኝ» ብሎታል አሉ። ተናግሮ ተለቀቀ። ለጋዜጠኛ ያልሰጠውን ለትራፊክ ሰጠ ማለት ነው።

የተዋናይ አፍ በኮንትራት የታሰረ ነው። ማወቅ የፈለገ አፉን ሳይሆን እግሩን ይከተል፤ የት ከተማ ታየ፣ ከማን ጋር፣ መቼ።

«ትሬለሩን እያቆመ ያየ ሰው ይደርስበታል»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሞኛል። ለስድስተኛው ሲዝን በወጣ አጭር ማስታወቂያ ላይ የሟቾች ፊት በሚሰቀልበት አዳራሽ ውስጥ የዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የቲሪዮን፣ የዴነሪስ፣ የአርያ፣ የሳንሳ ፊት ተደርድሮ ታየ። ሰው ማን እንደሚሞት መቁጠር ጀመረ። ከእነዚህ አራቱ በዚያ ሲዝን አንዳቸውም አልሞቱም። ጃንዋሪ 2019 ላይ ደግሞ ጆን፣ ሳንሳ እና አርያ ባደጉበት ግንብ በዊንተርፌል የመቃብር ዋሻ ውስጥ ሲሄዱ የራሳቸውን ሐውልት የሚያዩበት ቪዲዮ ወጣ። ያ ትዕይንት ድራማው ውስጥ የለም። ለማስታወቂያው ብቻ ተብሎ የተቀረፀ ነው! ሰው ግን የሐውልቶቹን የፊት መጨማደድ አጉልቶ ዕድሜ ሲገምት ሰነበተ። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ምሽት አባክኜበታለሁ።

«መጽሐፉን ያነበበ ሁሉንም ያውቃል»

እስከ አምስተኛው ሲዝን ድረስ በመጠኑ እውነት ነበር። ድራማው የተመሠረተባቸውን መጻሕፍት የጻፈው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1996፣ አምስተኛውን በ2011 አወጣ። ስድስተኛው ቀረ። ስለዚህ በ2016 ድራማው መጽሐፉን ቀድሞት ሄደ፤ አንባቢውም እንደሌላው ተመልካች እኩል ባዶ እጁን ቀረ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን አንባቢዎች ተሸውደዋል። መጽሐፉ ውስጥ የሳንሳና የአርያ እናት ኬትሊን ስታርክ ከታረደች በኋላ ተነስታ በቀሏን ትወጣለች። አንባቢ ሁሉ በሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ጠበቃት፣ በአራተኛው ጠበቃት። እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን ላይ ሰዎች «ይሄኛውማ ያለቀ መጽሐፍ አለው» ይላሉ። አዎ፣ በ2018 የወጣ መጽሐፍ አለው። ግን ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ታሪክ መዝገብ ነው የተጻፈው። ጸሐፊው መነኩሴው እንዲህ አለ፣ የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ደግሞ እንዲያ አለ እያለ ይተርካል፤ ምስክሮቹም አይስማሙም። ለድራማው ሠሪዎች ሰፊ በር ነው። መጽሐፉ ተገደለ ያለው ሌኖር ቬላርዮን ድራማው ላይ በጀልባ ሲያመልጥ አይተናል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ትንሹ ልዑል ሜይለር ደግሞ ሁለተኛው ሲዝን ላይ ጭራሽ አልተወለደም። ማርቲን ራሱ በዚህ ተከፍቶ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገጹ ተነሳ። ደራሲው ራሱ ከተገረመ አንባቢው ምን ሊሆን ነው?

«የአድናቂ ቲዎሪ የሥራ ፈት ወሬ ነው»

እዚህ ጋ ለአድናቂዎች እከራከራለሁ። ጆን ስኖው የኬትሊን ባል የኔድ ስታርክ ዲቃላ ነው ተብሎ ነው ያደገው። በ1997 ግን፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በወጣ በዓመቱ፣ አንባቢዎች ኢንተርኔት ላይ ሌላ ነገር ጽፈው ነበር፦ እናቱ የኔድ እህት ሊያና፣ አባቱ ልዑል ሬጋር ታርጋሪያን ናቸው። ከየት አመጡት? ኔድ እህቱ ስትሞት ቃል እንዳስገባችው እያስታወሰ ይሠቃያል፤ ቃሉ ምን እንደነበር ግን መጽሐፉ አይናገርም። ሊያናን ጠለፋት የተባለው ሬጋር ነው፤ በዚያም ጦርነት ተነሳ። ሕፃኑም የመጣው ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው። ገጣጠሙት። ድራማው እናቱን በ2016፣ አባቱን በ2017 አረጋገጠ። ወደ ሃያ ዓመት ሊጠጋ ማለት ነው።

ማርቲን ድራማውን ለሠሪዎቹ ለዴቪድ ቤኒኦፍ እና ለዲ. ቢ. ዋይስ ከመስጠቱ በፊት የጠየቃቸውም ይህንኑ ነው፤ የጆን እናት ማን ናት? መለሱ፣ ሥራውንም አገኙ።

እኔ እንደማየው ትክክል የወጡት ቲዎሪዎች በአብዛኛው ስላለፈ ነገር የተገመቱ ናቸው። ያለፈው ነገር አስቀድሞ ተጽፏል፤ ፍንጩ ገጹ ላይ ተቀምጧል፣ የሚያስተውል ሰው ያገኘዋል። ወደፊት ማን ማንን ይገድላል የሚለው ግን ፍንጭ የለውም። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚወስኑ ሰዎች ናቸው ያሉት። «የኔድ ልጅ ብራን ራሱ የሙታኑ ሠራዊት መሪ ናይት ኪንግ ነው» ተብሎ ስንት ሰዓት ቪዲዮ ተሠራ? ባዶ ሆኖ ቀረ።

«ሰው ከገመተው ይቀይሩታል»

ማርቲን በ2014 ኤድንብራ ላይ ይህን ተጠይቆ ነበር። አንዳንድ አንባቢ እንደደረሰበት አምኗል፤ ግን ፍንጩን አስቀድሞ ስለዘራ መቀየር ታሪኩን ማበላሸት ነው ብሎ ወስኗል። ያለፈው ነገር አይቀየርም ያልኩት ለዚህ ነው።

የድራማው ሠሪዎች ጠባይ ሌላ ነው። ናይት ኪንግን ጆን እንደሚገድለው ዓለም ሁሉ ይጠብቅ ነበር። አርያ ገደለችው። ሰው የሚጠብቀውን መሸሽ እንደፈለጉ ራሳቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ስለወደፊቱ ስትገምቱ በጣም ግልጽ የሆነው ነገር ራሱ ሊያሳስታችሁ ይችላል። እኔ በአርያ አልከፋኝም፤ ግን ጆን እዚያ ሌሊት ዘንዶ ላይ መጮህ ብቻ ነው እንዴ የቀረው?

«ሾልኮ የወጣ ሁሉ የውሸት ነው»

የአምስተኛው ሲዝን የመጀመሪያ አራት ክፍሎች ከመተላለፋቸው በፊት ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። በ2017 ደግሞ የሰባተኛውን ሲዝን ስድስተኛ ክፍል የስፔኑ ኤችቢኦ ራሱ በስህተት ከቀኑ ቀደም ብሎ አስተላለፈው። ሌባም አላስፈለገው።

«ስምንተኛው ሲዝን ስድስት ክፍል ብቻ የሆነው ገንዘብ ስላለቀ ነው»

ተቃራኒው ነው። ኤችቢኦ ብዙ ክፍል ቢሆንለት ደስ ባለው፤ ማሳጠር የፈለጉት ቤኒኦፍ እና ዋይስ ናቸው። መዘግየቱም ስንፍና አይደለም። ሰባተኛው ሲዝን ከኤፕሪል ወደ ጁላይ 2017 የተገፋው ክረምት መጣ ለማለት እውነተኛ ጭጋግና ጨለማ ሰማይ ስላስፈለገ ነው። ለዊንተርፌሉ ጦርነት ብቻ 55 ሌሊት በብርድ ቀርፀዋል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ክፍሉ በጣም ጨልሞ እኛ ስክሪን ላይ ጥላ ብቻ አየን።

«ብዙ ሰው ከፈረመ ደግመው ይሠሩታል»

በ2019 ስምንተኛው ሲዝን ከአዲስ እንዲሠራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። የኤችቢኦው ኃላፊ ኬሲ ብሎይስ በዚያው ዓመት ሲጠየቅ ነገሩን በቁም ነገር እንዳላሰቡበት ተናገረ። እኔ አልፈረምኩም። የፍላሹ ልጅ ግን ፈርሟል፤ ያውም ሁለቴ፣ በሁለት ኢሜይል።